ባለ ሦስት ኤሌክትሮድ የኢሲጂ ሞጁል ከወራት አገልግሎት በኋላ፦ ከባሕር ዳር የተጻፈ የተጠቃሚ ግምገማ

ኤዲ 8232 በተባለው ቺፕ ላይ የተሠራውን አነስተኛ የኢሲጂ ሞጁል (ቆዳ ላይ በሚለጠፉ ሦስት ኤሌክትሮዶች የልብን የኤሌክትሪክ ሲግናል የሚቀዳ ሰሌዳ) ባሕር ዳር ውስጥ ለምርምርና ለማስተማር ሥራ መጠቀም ከጀመርሁ ወራት አልፈዋል። ይህን ግምገማ የምጽፈው ሞጁሉን ለመግዛት ለሚያስብ የባዮሜዲካል ምህንድስና ተማሪ ብቻ ሳይሆን፣ በሌላ አገር የተቀዳ የልብ ምት መረጃ ከኢንተርኔት አውርዶ ለሚተነትን ተመራማሪም ነው። አቋሜን አስቀድሜ ልግለጽ፤ ይህ ዕቃ በሽታ ለመመርመሪያ አይሆንም። የልብን ምት ሥርዓት ለማጥናት ግን ከዋጋው በላይ ያገለግላል፤ ይበልጥ የማከብርለት ደግሞ የሕክምና መረጃ የሚተነትን ሰው ቁጥሮቹ ከየት እንደሚመጡ በገዛ እጁ እንዲያውቅ ስለሚያደርገው ነው።

ቺፑን አናሎግ ዲቫይስስ የተባለው ኩባንያ በ2012 እ.ኤ.አ. ለገበያ አቅርቦታል። ከ2 እስከ 3.5 ቮልት ባለው ኃይል የሚሠራ ሲሆን፣ የሚወስደው ጅረት 170 ማይክሮአምፔር ገደማ ብቻ በመሆኑ በትንሽ ባትሪ ለረጅም ሰዓት ይቆያል። ከቆዳ ላይ የሚገኘው የልብ ሲግናል 1 ሚሊቮልት አካባቢ ነው፤ በተለመደው የሞጁል ንድፍ ይህ ሲግናል 1,100 ጊዜ ጎልብቶና ከ0.5 እስከ 40 ኸርዝ ባለው ክልል ተጣርቶ ይወጣል። ቺፑን የሚሠራው አንድ ኩባንያ ቢሆንም ሞጁሉን ብዙዎች እየገጣጠሙ ይሸጡታል፤ የእኔው አዲስ አበባ ከሚገኝ የኤሌክትሮኒክስ ዕቃ ሻጭ በአውቶቡስ የተላከልኝ፣ የአምራች ስም ያልተጻፈበት ነው።

ርካሽ ነው ተብሎ የሚናቅበት ምክንያት እንደሌለ በአንድ ስሌት ማሳየት ይቻላል። ሞጁሉን፣ ሲግናልን ወደ ቁጥር የሚቀይር ባለ 10 ቢት መለወጫ ካለው ከተለመደው የአርዱይኖ ቦርድ (በፕሮግራም የሚታዘዝ ትንሽ ሰሌዳ) ጋር በ5 ቮልት መነሻ ሲያገናኙት፣ አንዱ የቁጥር እርከን ቆዳ ላይ ካለው ሲግናል 4.4 ማይክሮቮልት ያህሉን ይወክላል። ዓለም ሁሉ የሚጠቀምበት የኤምአይቲ-ቢአይኤች የልብ ምት መዛባት የመረጃ ስብስብ በ11 ቢት፣ በ10 ሚሊቮልት ክልል የተቀዳ ስለሆነ አንዱ እርከኑ 5 ማይክሮቮልት አካባቢ ነው። በዚህ ረገድ እንግዲህ ልዩነቱ እምብዛም ነው፤ ልዩነቱ ያለው ሌላ ቦታ ነው።

ያ ሌላው ቦታ የኤሌክትሪክ መስመራችን ነው። ባሕር ዳር ውስጥ ተራ የቢሮ ክፍል ውስጥ፣ ከላይ ፍሎረሰንት አምፖል በርቶ ስቀዳ፣ የልቡ ምልክት በወፍራም የ50 ኸርዝ ሞገድ ተሸፍኖ በእያንዳንዱ ምት የሚወጣው ረጅሙ የአር ጫፍ ብቻ ብቅ ብሎ ይታያል፤ ከእርሱ በፊት የምትመጣውን ትንሿን የፒ ሞገድ መለየት አይቻልም። በአንድ ከሰዓት በኋላ ቅጂው እየሄደ ሳለ መብራት ጠፋ። ላፕቶፑ በባትሪው ቀጠለ፤ ስክሪኑ ላይ የነበረው ወፍራም መስመር በአንድ ጊዜ ቀጥኖ የፒ፣ የኪውአርኤስ (የአር ጫፍ ያለበት ሹል ክፍል) እና ከእርሱ ቀጥሎ የሚመጣው የቲ ሞገዶች አንድ በአንድ ተለይተው ታዩ። ተማሪዎቼ ስለ ኤሌክትሪክ ረብሻ ከመማሪያ መጽሐፍ ከተማሩት ሁሉ ይልቅ ያን ቅጂ ይጠቅሳሉ። ፋይሉንም አስቀምጬዋለሁ፤ የመጀመሪያው አጋማሽ ከመስመር ኃይል ጋር፣ ሁለተኛው ያለ እርሱ፣ ያው ሰው፣ ያው ኤሌክትሮድ።

ምክንያቱ ቀላል ነው። የሞጁሉ የላይኛው የማጣሪያ ወሰን 40 ኸርዝ ሲሆን፣ ባለ ሁለት ደረጃ ማጣሪያ ደግሞ ከወሰኑ ጥቂት ከፍ ያለውን ድግግሞሽ ቀስ በቀስ እንጂ በአንዴ አይቆርጠውም። የእኛ መስመር 50 ኸርዝ ስለሆነ ረብሻው ወደ ግማሽ ገደማ ቢወርድ ነው፤ 60 ኸርዝ በሚጠቀሙ አገሮች ግን ይኸው ማጣሪያ ከዚህ የተሻለ ይቀንሰዋል። ስለዚህ ቀሪውን በሶፍትዌር ማጣራት ግድ ይላል። እዚህ ላይ አጥብቄ የምናገረው ነገር አለ። የኤምአይቲ-ቢአይኤች ቅጂዎች ከ1975 እስከ 1979 እ.ኤ.አ. ድረስ አሜሪካ ውስጥ የተሰበሰቡ በመሆናቸው የያዙት የመስመር ረብሻ 60 ኸርዝ ነው፤ በእነርሱ ላይ ተመሥርተው ከተጻፉ ኮዶች በብዙዎቹ ውስጥም 60 የሚለው ቁጥር እንዳለ ተቀምጧል። እንዲህ ያለውን ኮድ አምጥቶ እዚህ በተቀዳ ሲግናል ላይ ያስኬደ ሰው፣ የሌለውን ረብሻ አጥፍቶ ያለውን ይተወዋል፤ ፕሮግራሙ ደግሞ ምንም የስህተት መልእክት አይሰጥም። አንድም ጊዜ የራሱን ሲግናል ቀድቶ የማያውቅ ተንታኝ ይህን የሚያውቅበት መንገድ ጠባብ ነው።

ለምት ጥናት ሞጁሉ አስተማማኝ ሆኖ አግኝቼዋለሁ። ፓን እና ቶምፕኪንስ የተባሉ ተመራማሪዎች በ1985 እ.ኤ.አ. ያሳተሙት የኪውአርኤስ መለያ ዘዴ በአመዛኙ ከ5 እስከ 15 ኸርዝ ባለው ክልል ላይ ስለሚያተኩር፣ የተረፈው የመስመር ረብሻ ብዙም አያስቸግረውም፤ ሰውየው ጸጥ ብሎ ከተኛ የምቶቹ መካከል ያለው ጊዜ በትክክል ይወጣል። አንድ ቅድመ ሁኔታ ግን አለ። የምት መለዋወጥን የሚያጠና ሰው ንባቡ በእኩል የጊዜ ልዩነት መወሰዱን ማረጋገጥ አለበት። ብዙ ጊዜ ተዘጋጅተው የሚገኙት የአርዱይኖ ምሳሌዎች በሁለት ንባብ መካከል ቆም በል የሚል ትእዛዝ ብቻ ስለሚጠቀሙ ልዩነቱ ይዋዥቃል፤ እኔ የቦርዱን ታይመር ተጠቅሜ በሰከንድ 500 ንባብ እንዲወስድ አድርጌዋለሁ፤ ይህም በ1996 እ.ኤ.አ. የወጣው የአውሮፓና የሰሜን አሜሪካ የጋራ መመሪያ ከሚመክረው ከ250 እስከ 500 ኸርዝ ክልል ውስጥ ነው።

የማይሆነውም በግልጽ መነገር አለበት። ለምርመራ የሚሆን ኢሲጂ ከ0.05 እስከ 150 ኸርዝ ያለውን ክልል መያዝ ይጠበቅበታል። የዚህ ሞጁል የታችኛው ወሰን 0.5 ኸርዝ ስለሆነ ከኪውአርኤስ በኋላ የሚመጣውን የኤስቲ ክፍል ቅርፅ ያዛባዋል፤ ጤናማውን ሰው የልብ ጡንቻው ደም ያጠረው ሊያስመስል፣ የታመመውንም ሊሸፍን ይችላል። ከጀርመን የተገኘው ፒቲቢ-ኤክስኤል የተባለው የመረጃ ስብስብ የያዛቸው ከ21,000 በላይ ባለ 12 መስመር ቅጂዎች ላይ የሠለጠነ ሞዴል ወስዶ በዚህ ሞጁል ሲግናል ላይ ምርመራ ልሥራ ማለት፣ ሞዴሉ ምንም ያህል ጥሩ ቢሆን፣ ተቀባይነት የለውም።

ወደ ዕለታዊ አያያዙ ስመጣ፣ ያስቸገረኝ ከቺፑ ይልቅ በዙሪያው ያለው ነው። የገመዱ መሰኪያ በጊዜ ብዛት ላላ፤ ሰውየው በተነፈሰ ቁጥር መስመሩ ይዘላል። መሰኪያውን አውጥቼ ገመዶቹን በብየዳ ካያያዝኋቸው ወዲህ ችግሩ አልተመለሰም። የሦስቱ ገመዶች ቀለም ከሻጭ ሻጭ ስለሚለያይ፣ አዲስ ገመድ በመጣ ቁጥር የትኛው ከየትኛው የሞጁሉ እግር (ፒን) ጋር እንደተገናኘ በመልቲሜትር መለካት ያስፈልጋል። የሚጣሉት የብር ክሎራይድ ኤሌክትሮዶች ከረጢታቸው ከተከፈተ ጄላቸው ይደርቃል፤ አፉ በሚዘጋ ፕላስቲክ ውስጥ አስቀምጣቸዋለሁ። በመጋቢትና በሚያዝያ ሙቀት ደግሞ ላብ ማጣበቂያውን ያላቅቀዋል፤ ቆዳውን በአልኮል ጠርጎ፣ በጎዝ ለስለስ አድርጎ አሽቶ፣ እስኪደርቅ ጠብቆ መለጠፍ ከማንኛውም ፊልተር የበለጠ ለውጥ ያመጣል። ኤሌክትሮድ ሲላቀቅ የሚያሳውቁት ሁለት እግሮች በሞጁሉ ላይ ስላሉ፣ የእነርሱን ንባብ ከሲግናሉ ጎን አብሮ መመዝገብ በኋላ የሚጣለውን ክፍል ለመለየት እጅግ ይረዳል።

ከግድግዳ ወጥቶ ምን እንደሚመስል ለማየት፣ ሞጁሉን ከባትሪና ከሜሞሪ ካርድ ጋር አያይዤ ጣና ዳር፣ ከኤሌክትሪክ ምሰሶ ራቅ ባለ ቦታ ሞክሬዋለሁ። ፈቃደኛ የሆነ የደንገል ታንኳ ቀዛፊ ቁጭ ብሎ ሲያርፍ የተቀዳው፣ ያለ ምንም የሶፍትዌር ማጣሪያ፣ ካሉኝ ቅጂዎች ሁሉ ንጹሑ ነው። መቅዘፍ ሲጀምር ግን የደረቱና የትከሻው ጡንቻ ሲግናል የልቡን ዋጠው፤ በእያንዳንዱ ቀዘፋ ቤዝላይኑ (የሲግናሉ መነሻ መስመር) ወደ ላይ ወጥቶ ጫፍ እየነካ ይመለሳል። የጡንቻው ድግግሞሽ ከኪውአርኤሱ ጋር ስለሚደራረብ በማጣሪያ ብቻ የሚለይ አይደለም። ሥራ ላይ ያለን ሰው ልብ ማጥናት የሚፈልግ ሰው ከዚህ የተሻለ መሣሪያ ይፈልግ።

ስለ ደኅንነት ያለኝ አቋም የማያወላዳ ነው። ሞጁሉ ሰውን ከመስመር ኃይል የሚለይ መከላከያ የለውም። ለሕክምና መሣሪያዎች የወጣው ዓለም አቀፍ ደረጃ ወደ ታካሚ አካል የሚያልፈውን ጅረት፣ መሣሪያው ብልሽት በሌለበት ሁኔታ፣ እንደ መሣሪያው ዓይነት፣ በ100 ወይም በ10 ማይክሮአምፔር ይገድበዋል፤ በርካሽ ቻርጀር ላይ የተሰካ ላፕቶፕ ይህን ስለመጠበቁ ማረጋገጫ የለንም። ስለዚህ ኤሌክትሮድ በሰው ላይ ካለ ላፕቶፑ በባትሪ ብቻ ይሠራል። ከሰው የሚቀዳ ማንኛውም ነገር የሥነ ምግባር ኮሚቴ ፈቃድና በአማርኛ ተጽፎ የተነበበ የስምምነት ቅጽ ይቅደመው፤ የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ከወጣ ወዲህ ደግሞ ስምና ስልክ ቁጥርን ከሲግናሉ ጋር በአንድ ፋይል ማስቀመጥ ማንም ሊያደርገው አይገባም። እኔ ለእያንዳንዱ ሰው መለያ ቁጥር ብቻ ሰጥቼ፣ ስሙን የያዘውን ወረቀት በሚቆለፍ መሳቢያ ውስጥ አኖራለሁ።

ሞጁሉን ደግሜ እገዛዋለሁ፤ ሁለተኛም አዝዣለሁ። ከዚህ በኋላ የልብ ሲግናል ትንተና ሊሠሩ ወደ እኔ የሚመጡ ተማሪዎች የመረጃ ስብስብ ከማውረዳቸው በፊት ከራሳቸው ደረት አምስት ደቂቃ ቀድተው፣ የረብሻውን ድግግሞሽ ራሳቸው ለይተው እንዲያመጡ እጠይቃለሁ። ለመግዛት ለሚያስብ የምጨምረው ምክር፣ ከሞጁሉ ጋር ቢያንስ አንድ ትርፍ ገመድ አብሮ ማዘዝ እንደሚገባ ነው፤ ገመዱ ከቺፑ ቀድሞ ያልቃል፣ እዚህ ከተማ ውስጥም ተተኪው በቀላሉ አይገኝም።