የከተማ ገቢ፦ የመሬት ሊዝ ወይስ የንብረት ታክስ?

ከተማ መንገድ የሚሠራበትን ብር ከየት ያምጣ? ከተሞቻችን ሊዝ፣ ማለትም መሬትን ለተወሰኑ ዓመታት በጨረታ ማከራየት፣ ለምደዋል። በ2017 ዓ.ም. ደግሞ በቤትና በመሬት ይዞታ ላይ በየዓመቱ የሚከፈለው የንብረት ታክስ አዋጅ ጸደቀ።

ገንዘቡ፦ ሊዝ በአንድ ጨረታ ጠቀም ያለ ብር ያስገባል። ታክሱ በየዓመቱ ጥቂት ጥቂት ነው፤ ግን አይቋረጥም።

ሥራው፦ ሊዝ ይቀላል። ታክሱ እያንዳንዱን ቤት መመዝገብና ዋጋውን መገመት ይጠይቃል። ግምቱ ላይ ጭቅጭቅ አይቀርም።

አደጋው፦ መሬት ያልቃል። ለመኖሪያ በ99 ዓመት ሊዝ የተሰጠ ቦታ ነገ ተመልሶ ለጨረታ አይወጣም። ስለዚህ ከተማው ዳር ያለውን ገበሬ እያስነሳ ይሰፋል። ለእኔ ትልቁ ጣጣ ይሄ ነው። ታክሱ በበኩሉ ቤት እንጂ ገቢ የሌላቸውን ጡረተኞች ያስጨንቃል፤ እፎይታ ካልተደረገላቸው ከባድ ነው።

ባዶ ቦታ ላለው፣ መሠረተ ልማት ቶሎ ለሚፈልግ አዲስ ከተማ ሊዝ ያዋጣል። ተገንብቶ ለተጨናነቀው፣ እንደ አዲስ አበባ ላለው፣ ታክሱ።