ያረጀ ወይን ለመቅመስ፦ ሪዮሃ፣ ባሮሎ ወይስ ቦርዶ?

ወዳጅ ሰብስቦ አንድ ምሽት ያረጀ ቀይ ወይን ለመቅመስ ያሰበ ሰው ሱቅ ሲገባ ሦስት ስሞች ደጋግመው ይገጥሙታል። የስፔኑ ሪዮሃ፣ የጣሊያኑ ባሮሎና የፈረንሳዩ ቦርዶ። ሦስቱም ሲቆዩ የሚያምርባቸው ናቸው። የትኛውን ልግዛ ለሚለኝ ግን መልሴ ቁርጥ ነው፤ ለመጀመሪያ ጊዜ ከሆነ ሪዮሃ ግራን ሬዘርቫ፣ ማለትም ከሪዮሃ ወይኖች ረጅሙን ጊዜ ቆይቶ የሚወጣው።

ወይን የሚያረጀው አንድ ሰው ገንዘቡን አስሮ ስለጠበቀው ነው። በሪዮሃ የሚጠብቀው አምራቹ ራሱ ነው። ቀይ ግራን ሬዘርቫ ገበያ ከመውጣቱ በፊት ቢያንስ 5 ዓመት መቆየት አለበት፤ ከዚህም ቢያንስ 2 ዓመቱን በኦክ እንጨት በርሜል ያሳልፋል። ደንቡ ነው። ስለዚህ ገዝታችሁ በማግስቱ ብትከፍቱት ደርሷል። ከጠርሙሱ ጀርባ ሰማያዊውን ምልክት ፈልጉ። ዋናው የወይን ፍሬው ቴምፕራኒዮ የሚባለው ነው። በነባሩ መንገድ የሚሠሩት አምራች ቤቶች የአሜሪካ ኦክ ስለሚወዱ ቫኒላና ኮኮናት ይሸታል፤ ሲቆይ ደግሞ ዘቢብ፣ ቆዳና ትምባሆ ይጨመርበታል። ጠርሙሱ ላይ የተጻፈው የምርት ዓመት (እ.ኤ.አ.) 2001፣ 2004 ወይም 2010 ከሆነ አትለፉ። ከበግ ጥብስ ጋር ደግሞ ልክ ነው። ዋጋውም ብዙ ጊዜ ከሦስቱ ለኪስ የሚቀለው ነው።

ባሮሎ ሌላ ዓለም ነው። የሚሠራው በጣሊያኑ ፒየሞንቴ ክልል ከሚበቅለው ኔቢዮሎ ከተባለ የወይን ፍሬ ብቻ ነው። ሲቀዳ ፈዘዝ ያለ ነው፤ ብርጭቆውን ዘንበል አድርጋችሁ ጠርዙን ብታዩት የጡብ ቀለም አለው። ይሄ ቀላል ወይን ነው ብላችሁ ስትጎነጩ ድዳችሁን ያደርቀዋል። ታኒኑ፣ ማለትም አፍ የሚያደርቀው ነገር፣ ኃይለኛ ነው። ሽታው ግን የጽጌረዳና የሬንጅ ነው፤ ሁለቱ አንድ ላይ እንዴት እንደሚስማሙ ካልቀመሱት አይታመንም። እኔ ከሦስቱ አብልጬ የምወደው እሱን ነው። ችግሩ፣ 38 ወር ቆይቶ ቢወጣም ገና ጥሬ ነው። ቢያንስ 10 ዓመት የሞላውን ግዙ፤ 2010 ጥሩ ምርጫ ነው። በርበሬ የበዛበት ወጥ አታቅርቡበት፤ ማድረቁን ያባብሰዋል። እንጉዳይ ወይም የቆየ አይብ ይሻላል።

ቦርዶ ላይ ብዙ ሰው የሚከፍለው ለስም ነው። በቦርዶ ውስጥ ያለው የሜዶክ አካባቢ አምራች ቤቶች ደረጃ የወጣው በ1855 እ.ኤ.አ. ነው፤ ከዚያ ወዲህ ወደ አንደኛ ደረጃ ያደገው ሙቶን የተባለው ቤት ብቻ ነው፣ በ1973 እ.ኤ.አ.። የትልልቆቹ ዋጋ አይቀመስም። ደረጃው ደግሞ ጠርሙሱ ላለፉት 30 ዓመታት የት እንደተቀመጠ አይነግራችሁም። ሙቀት ያገኘው ከሆነ ስሙ አያድነውም። አሮጌ ከሆነ የወይኑን ልክ እዩ፤ ከጠርሙሱ ትከሻ መሃል በታች ከወረደ ተዉት። በኔ እምነት ስም የሌለው ትንሽ ቤት ያወጣው የ2009 ወይም የ2010 ምርት ይበልጣል።

የቱንም ብትገዙ ጠርሙሱን ከአንድ ቀን በፊት አቁሙት፣ አተላው ይዘቅጣል። አሮጌ ቡሽ ይፈረፈራል፤ ጠምዛዛውን መክፈቻ ትታችሁ ሁለት ምላስ ያለውን ተጠቀሙ። ቀስ ብላችሁ በብርሃን ፊት ወደ ጆግ ገልብጡና አተላው አንገቱ ጋ ሲደርስ አቁሙ። በጣም ያረጀውን ግን ልትጠጡት ስትሉ ብቻ ገልብጡ፤ ሽታው ቶሎ ይጠፋል። አንድ ጠርሙስ ለ10 ሰው 75 ሚሊ ሊትር ይደርሳል፣ ለቅምሻ በቂ ነው። ባሮሎውን መጨረሻ ላይ አድርጉት፤ ከሱ በኋላ የሚቀዳው ሁሉ ውሃ ውሃ ይላል። ስትከፍቱት የረጠበ ካርቶን ከሸተተ ቡሹ አበላሽቶታል ማለት ነውና፣ የሚመልስ ሱቅ መርጣችሁ ግዙ፤ ደረሰኙንም ያዙ።