ከሴራሚክ በስተጀርባ የሚቀባ ባለሁለት ክፍል ውሃ መከላከያ፦ ከስምንት ወር አገልግሎት በኋላ

የሻወር ግድግዳ ላይ ውሃ የሚያሳልፈው ሴራሚኩ ሳይሆን በሴራሚኮቹ መካከል ያለውን ክፍተት የሚሞላው ፉጋ ነው። የሲሚንቶ ፉጋ ትንሽም ቢሆን ውሃ ይስባል፤ ያ ውሃ በልስኑ አልፎ ብሎኬቱ ውስጥ ገብቶ በማዶ ያለውን የመኝታ ክፍል ቀለም ያሳብጣል። እዚህ የሚገመገመው ዱቄቱና ፈሳሹ ለየብቻ የሚሸጥ፣ ከደረቀም በኋላ በመጠኑ የሚለጠጥ የሲሚንቶ ቅብ ነው። ስምንት ወር በየቀኑ ውሃ ሲፈስበት በማዶ ያለው ግድግዳ ደረቅ ነው፤ ቀለሙ አልተነሳም፣ ፉጋው ላይም ነጭ ጨው አልወጣም።

ልስኑ ካልተስተካከለ ግን ቅቡ ብቻውን አያድንም። ጄሶ የነካው ልስን ይፈንቀል፤ ጄሶ እርጥበት ሲያገኝ ይላላል። በአንድ ሲሚንቶና በሦስት አሸዋ ተለስኖ፣ በቱንቢ ተስተካክሎ፣ ላዩ ሻካራ ሆኖ ይቅር። ብዙ ግንበኞች በልማድ በንጹህ ሲሚንቶ ያለሰልሱታል፤ ኋላ ሴራሚኩን ይዞ የሚላቀቀው ያ ስስ ሽፋን ነው።

90 በ90 ሴንቲ ሜትር ለሆነ ሻወር፣ ሁለት ግድግዳ እስከ 2 ሜትር ከነወለሉ 4.4 ካሬ ሜትር ይሆናል። በሁለት ዙር ለካሬ 3.5 ኪሎ ገደማ ሲታሰብ 15 ኪሎ ተኩል ይፈጃል። የተጠቀምንበት እሽግ 20 ኪሎ ዱቄትና 5 ኪሎ ፈሳሽ ስለሆነ ይተርፋል፤ ከፍሎ መበጥበጥ ይቻላል፣ ግን አራት ለአንድ በሚዛን እንጂ በግምት አይሁን። ቅቡ ሲወፍር ውሃ መጨመር ፈጽሞ አይገባም። ግማሽ ሰዓት ውስጥ የሚያልቀውን ያህል ብቻ መበጥበጥ ይሻላል።

ግድግዳው ይርጠብ፣ ውሃ ግን አይቋጥር። ደረቅ ልስን የቅቡን ውሃ ስለሚመጠው ቅቡ ሳይጠነክር ዱቄት ይሆናል። በማእዘኖቹና በቧንቧ መውጫው ዙሪያ የፋይበር ጥልፍ በመጀመሪያው ዙር ውስጥ ይቀበር፤ ስንጥቅ የሚጀምረው እዚያ ነው። ሁለተኛው ዙር በማግስቱ፣ የመጀመሪያውን አቋርጦ ይቀባ። ቁጠባ ፈልጎ ማሳሳት ገንዘቡን በሙሉ ማባከን ነው፤ ሁለቱ ዙር ተደምሮ 2 ሚሊ ሜትር መጠጋት አለበት።

ለሴራሚኩ ሲ2 (C2) ደረጃ ያለው፣ ማለትም ከተራው የበለጠ የሚይዝ የሲሚንቶ ማጣበቂያ ይመረጥ። ለተራ ሲሚንቶ እንደሚደረገው ሴራሚኩን ውሃ ውስጥ መዘፍዘፍ እዚህ ጉዳት ነው። ማጣበቂያው በባለጥርስ መቀባያ ግድግዳው ላይ፣ በስሱም የሴራሚኩ ጀርባ ላይ ይቀባ። አምስት ቦታ ላይ ጠብ ጠብ አድርጎ መለጠፍ ውሃ የሚጠራቀምበት ባዶ ቦታ ይተዋል። አንዱን ነቅሎ ጀርባውን ማየት ከሁሉ የተሻለ ፍተሻ ነው።

በነዚህ ወራት ጥገና የፈለገው ግድግዳና ወለል የሚገናኙበት ሲልኮን ብቻ ነው፤ ጠቁሯል። እዚያ ፉጋ ቢሞላ ኖሮ ይሰነጠቅ ነበር፣ ስለዚህ ሲልኮኑ ትክክል ነው፤ ፈንገስ የሚቋቋመው ዓይነት ይገዛ። አሮጌው ሲወጣ ስለቱ ጠልቆ ከሥር ያለውን ቅብ እንዳይቆርጥ፣ በጎንና በጎን ብቻ ይቆረጥ።