አንድ ጭረት ጠባብ፣ አምስት ጭረት ሰፊ

ባለፈው ጥቅምት እዚህ ሚኒሶታ ያገለገለ ባለ 12 ጌጅ (የአፈሙዙ ስፋት ልክ) ቤሬታ ሾትጋን ገዛሁ፣ በአንድ ጥይት ብዙ ትናንሽ ፍሬ የሚበትን ጠመንጃ፣ ከነአምስት ሞቢልቾኩ። ሞቢልቾክ የቤሬታ ተፈትቶ የሚቀየር ቾክ ነው፤ ቾክ ደግሞ የአፈሙዙን ጫፍ የሚያጠብ አጭር ቱቦ ነው፣ ከንፈሩ ላይም ጭረት አለው። ሻጩ "ጭረቱ በበዛ ቁጥር ቾኩ ይጠብባል" አለኝ። አመንኩት። ባለ አምስት ጭረቱን አስሬ ራቅ ብለው የሚነሱ ፌዛንት የሚባሉ ወፎች ላይ ስተኩስ ዋልኩ፤ አንድም አልወደቀም። ቆስሎ ሳር ውስጥ የቀረ ይኖር ይሆን እያልኩ ዛሬም ይቆጨኛል።

ነገሩ ለካ ተገላቢጦሽ ነው! ቾኩ ሲጠብ ፍሬው ተሰብስቦ ይሄዳል፣ ሲሰፋ ቶሎ ይበተናል። ከንፈሩ ላይ ያለው ጭረት አንድ ከሆነ ፉል ነው፣ ከሁሉም ጠባቡ። ሦስት ሞዲፋይድ፣ አራት ኢምፕሩቭድ ሲሊንደር፣ አምስት ደግሞ ምንም የማያጠብ ሲሊንደር። በፉልና በሲሊንደር መካከል ያለው ልዩነት አንድ ሚሊሜትር ገደማ ብቻ ነው፤ ወረቀት ላይ ግን ሌላ ጠመንጃ የያዛችሁ ነው የሚመስላችሁ።

ወረቀቱን እኔም ሞከርኩት። አራት ጫማ ስፋት ያለው ወረቀት ካርቶን ላይ ለጠፍኩና ከ40 ያርድ አንዴ ተኮስኩ። ከዚያ ፍሬው በብዛት ያረፈበትን ቦታ መሃል አድርጌ 30 ኢንች ክብ አሰመርኩ። እያንዳንዱን ቀዳዳ በማርከር እየነካሁ ቆጠርኩ፣ አድካሚ ነው ግን ደስ ይላል። አንድ ኦንስ ቁጥር 7½ (የፍሬው መጠን) እርሳስ 350 ገደማ ፍሬ አለው። በተለመደው ልኬት ከዚህ ውስጥ ፉል 70 በመቶ፣ ሞዲፋይድ 60፣ ኢምፕሩቭድ ሲሊንደር 50፣ ሲሊንደር 40 ክቡ ውስጥ ማስገባት አለበት። የኔ ሞዲፋይድ በአንዱ ጥይት 238 አስገባ፣ ማለትም ወደ ፉል የተጠጋ። ጥይቱን ስቀይር ያው ቾክ ወደ 205 ወረደ። ስለዚህ ጭረቱ መነሻ ነው እንጂ መልሱ ወረቀቱ ላይ ነው፤ በአንድ ወረቀትም አትወስኑ፣ ቢያንስ ሦስት ተኩሱ።

ቾኮቹን በጣም ወድጃቸዋለሁ፣ በእጅ ይገባሉ፣ በቁልፍ ትንሽ ማጥበቅ ነው። ከመንካታችሁ በፊት ግን ጠመንጃው ባዶ መሆኑን ደግማችሁ እዩ፣ ያለ ቾክም ፈጽሞ አትተኩሱ፣ የአፈሙዙ ጥርስ ይበላሻል። የብረት ፍሬ ከእርሳስ ይልቅ ተሰብስቦ ስለሚሄድ፣ ለብረት ተብሎ ካልተሠራ በቀር በፉል አትሞክሩት።

አሁን ውሻው አጠገቤ ለሚያስነሳቸው ባለ አራት ጭረቱን፣ ራቅ ላሉት ባለ ሦስቱን አስራለሁ። ባለ አምስቱ ሳጥኑ ውስጥ ነው።