ኤም 110 ወይስ ኤም 103? ለወሎ መንገድ የድሮ ባለስድስት ሲሊንደር ማርቸዲስ ስትገዙ

ደሴ ወይም ኮምቦልቻ ላይ የድሮ ባለስድስት ሲሊንደር የቤንዚን ማርቸዲስ የሚፈልግ ሰው ምርጫው ብዙ ጊዜ ሁለት ሞተሮች መካከል ይወድቃል። አንዱ ኤም 110 ነው። 280 የሚል ቁጥር ያለባቸው የደብልዩ 123 (የማርቸዲስ ሞዴል መለያ ነው) መኪኖች ሞተር እሱ ነው። ሌላው ኤም 103 ነው፤ የደብልዩ 124ቶቹ የ300ኢ እና የ260ኢ ሞተር። ደላላው "ያው ማርቸዲስ ነው፣ ሞተሩ አይሞትም" ይላችኋል። ይሞታል። ሁለቱ የሚሞቱበት ምክንያት ግን አንድ አይደለም። ከመግዛታችሁ በፊት ማወቅ ያለባችሁም ይህንኑ ነው።

በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠራ አውቶሞቢል ወደ አገር እንዳይገባ ከተከለከለ ወዲህ ደግሞ ነገሩ ጠበቅ ብሏል። ያለውን ይዞ መኖር ነው። ስለዚህ ቀለሙንና ወንበሩን አይታችሁ አትቸኩሉ፤ ኮፈኑን አስከፍቱ።

የወረቀቱን ነገር ቶሎ ልጨርሰው። ኤም 110 እ.ኤ.አ. በ1972 የወጣ፣ 2,746 ሲሲ፣ ሁለት ካምሻፍት (ቫልቮላዎቹን የሚከፍት ዘንግ) እና 12 ቫልቮላ (አየር የሚያስገቡና ጭስ የሚያስወጡ መዝጊያዎች) ያለው ሞተር ነው። ደብልዩ 123 ላይ በካርቡራቶር 156፣ በኢንጀክሽን መጀመሪያ 177፣ በኋላ 185 የፈረስ ጉልበት ይሰጣል። ኤም 103 በ1980ዎቹ አጋማሽ የመጣ ተተኪው ነው። የ300ኢው 2,962 ሲሲ፣ የ260ኢው 2,597 ሲሲ ነው። ቫልቮላው ያው 12 ሲሆን ካምሻፍቱ ግን አንድ ብቻ ነው። የ300ኢው ካታላይዘር (የጭስ ማጣሪያ) ከሌለው 188፣ ካለው 180 የፈረስ ጉልበት አለው። የሁለቱም ብሎክ ብረት፣ ቴስታታቸው (ከሲሊንደሮቹ በላይ የሚቀመጠው ክፍል) አሉሚኒየም ነው።

185 እና 188 ያው አንድ ናቸው። ደሴ ላይ ደግሞ ሁለቱም ቁጥሮች አይሠሩም። ቱርቦ የሌለው ሞተር በየ1,000 ሜትሩ ከጉልበቱ 10 በመቶ ገደማ ያጣል። ደሴ 2,500 ሜትር አካባቢ ላይ ናት። 185 የተባለው ፈረስ ሸዋ በር ሲደርስ 140 ቢሆን ነው። ስለዚህ በጉልበት አትምረጡ፤ በጥገና ምረጡ።

ቫልቮላና ካቴና

ኤም 110 እጅ ይፈልጋል። የቫልቮላ ክፍተቱን ራሱ አያስተካክልም። ሞተሩ ሙሉ በሙሉ ቀዝቅዞ ክዳኑ ይከፈትና በስስ የመለኪያ ላሜራ 12ቱም አንድ በአንድ ይለካሉ። የመግቢያዎቹ 0.10፣ የጭስ መውጫዎቹ 0.25 ሚሊ ሜትር ነው። በየ15 ወይም 20 ሺህ ኪሎ ሜትሩ ይህ ሥራ አይቀርም።

እዚህ ላይ ብዙ ገዢ ይሸወዳል። ድምፁ ጭጭ ያለ ኤም 110 ሲያይ ደስ ይለዋል። እኔ ግን ቀለል ያለ ጠቅ ጠቅ የሚያሰማውን እመርጣለሁ። ክፍተቱ የሰፋ ቫልቮላ ይጮሃል እንጂ ቶሎ አይጎዳም። ክፍተቱ የጠፋ የጭስ ቫልቮላ ግን ድምፅ አያሰማም፤ በደንብ ስለማይዘጋ ቀስ በቀስ ይቃጠላል። ስለዚህ ለባለቤቱ አንድ ጥያቄ ብቻ አቅርቡ፦ "ቫልቮላው መቼ ተስተካከለ?" አፍጥጦ ካያችሁ መልሱን አገኛችሁ።

ኤም 103 ይህ ጣጣ የለበትም። ክፍተቱን የሚይዙት በዘይት ግፊት የሚሠሩ ትንንሽ ማካካሻዎች ናቸው። የሚፈልጉት ንጹሕ ዘይት ብቻ ነው። ዘይቱ ከቆሸሸ ይዘጋሉ፣ ያንኳኳሉ። ሁለቱም ሞተሮች 6 ሊትር አካባቢ ዘይት ይይዛሉ። "ትንሽ ጨምርበትና ይሂድ" የሚባለውን ነገር ሁለቱም አይወዱም።

በካቴና፣ ማለትም ካምሻፍቱን በሚያዞረው ሰንሰለት በኩል፣ ኤም 110 ያሸንፋል። ባለሁለት ረድፍ ነው፤ ወፍራም ነው። የመጀመሪያዎቹ ኤም 103ዎች ባለአንድ ረድፍ ናቸው፤ ባለሁለት ረድፍ የሆኑት የኋለኞቹ ናቸው። የቫልቮላውን ክዳን አስከፍታችሁ በዓይናችሁ እዩት። ባለአንድ ረድፍ ስለሆነ አይገዛም አልልም። መቀየሩን የሚያስረዳ ደረሰኝ ከሌለው ግን የካቴናውን ዋጋ ከመኪናው ዋጋ ላይ ቀንሱ። ሞተር ሳይወርድ አዲሱን ከአሮጌው ጫፍ ጋር አያይዞ እያዞሩ ማስገባት ይቻላል፤ መካኒኩ መጠንቀቅ ብቻ ነው ያለበት። የኤም 110 ካቴና ጠንካራ ቢሆንም መወጠሪያውና የሚንሸራተትባቸው ፕላስቲኮች ያረጃሉ። ጠዋት ሲነሣ ለአፍታ ሸክ ሸክ ካለ ፕላስቲኮቹንና መወጠሪያውን ጠርጥሩ።

ቤንዚን፦ ወሎ ላይ ትልቁ ጉዳይ

ካርቡራቶር ያለውን ኤም 110 ለዚህ አገር አልመክርም። ሶሌክስ 4ኤ1 የሚባለው ባለአራት ጉሮሮ ካርቡራቶር ነው። አዲስ ሆኖም ለማስተካከል አስቸጋሪ ነበር፤ ሲያረጅ ደግሞ አካሉ በሙቀት ይጣመምና አየር ያስገባል። ከፍታውን ጨምሩበት። ደሴ ላይ አየሩ ስስ ስለሆነ ቤንዚን ይበዛበታል፣ ካንዴላው ይጠቁራል። መካኒኩ ለደሴ ሲያስተካክለው ባቲ ሲወርድ ተገልብጦ ቤንዚን ያጥረዋል፤ ያውም በዚያ ሙቀት።

280ኢው ቦሽ የሠራው ኬ-ጄትሮኒክ ኢንጀክሽን አለው። ኮምፒውተር የለውም። ሞተሩ የሚስበው አየር አንድ ክብ ሰሃን ይገፋል፤ ሰሃኑ በዘንግ የቤንዚን ማከፋፈያውን ፒስተን ያነሣል፤ ቤንዚኑ በ5 ባር አካባቢ ግፊት ለስድስቱም ሲሊንደር ይዳረሳል። በቃ፣ ይኸው ነው። ኤም 103 ላይ ያለው ኬኢ-ጄትሮኒክ የዚሁ ልጅ ነው፤ አንድ ትንሽ የኤሌክትሪክ መቆጣጠሪያና ኮምፒውተር ተጨምሮበታል። ደስ የሚለው፣ ኤሌክትሮኒኩ ቢጠፋ እንኳ ሜካኒካሉ ብቻውን ቤት ያደርሳችኋል።

የሁለቱም ጠላት አንድ ነው፤ ቆሻሻ ቤንዚን። የማከፋፈያው ፒስተን ቤቱ ውስጥ እጅግ ጠበብ ብሎ ነው የሚንሸራተተው። ውሃ ከገባ ይዝጋል፣ ይይዛል። ማደያ ላይ ቤንዚን ሲጠፋ መንገድ ዳር በሃይላንድ የሚሸጠውን እዚህ ሞተር ውስጥ መጨመር ማከፋፈያውን በገዛ እጅ መግደል ነው። ማከፋፈያ ደግሞ ደሴ ፒያሳ ላይ ከመደርደሪያ አውርዶ የሚሰጥ ሱቅ የለም፤ አዲስ አበባ ሱማሌ ተራ ድረስ 400 ኪሎ ሜትር ወርዳችሁ ነው የምትፈልጉት፣ ከተገኘ። ስለዚህ የቤንዚን ፊልትሮውን ቶሎ ቶሎ ቀይሩ። ታንኩም ሁሌ ከግማሽ በላይ ይሁን።

ኤም 103 ላይ ሌላ ሰበብ አለ። መኪናው ቆሞ ሞተሩ ሲሠራ ከፍ ዝቅ ይላል፣ የኤቢኤስ መብራት ይበራል፣ ከዚያ ይጠፋል። ባለቤቱ ማከፋፈያው ሞተ ብሎ በርካሽ ሊሸጠው ይችላል። ከባትሪው ኋላ፣ ጭንቅላቱ ላይ ፊውዝ የተሰካበት አንድ ሪሌ አለ፤ የትርፍ ቮልቴጅ መከላከያ ነው። በመጀመሪያ ፊውዙን እዩ። ከዚያ ሪሌውን ፍቱት። ብዙ ጊዜ ውስጡ ያለው ብየዳ ፀጉር በምታህል ስንጥቅ ለቅቆ ታገኙታላችሁ፤ የሬዲዮ ጠጋኝ በደቂቃዎች ይበይደዋል። ኤም 110ን የሚወዱ መካኒኮች "ኤሌክትሮኒክ ጣጣ ነው" የሚሉት ብዙ ጊዜ እንዲህ ያለውን ነገር ነው።

ውሃው

ደሴ ከፍታ ላይ ክፍት ድስት ውስጥ ያለ ውሃ በ92 ዲግሪ አካባቢ ይፈላል። የኤም 103 ቴርሞስታት (ውሃው ሲሞቅ ወደ ራዲያተሩ የሚያሳልፈው በር) መከፈት የሚጀምረው በ87 ነው። መካከላቸው ያለው 5 ዲግሪ ነው። ሞተሩን ከመፍላት የሚያድነው የራዲያተሩ ክዳን የሚይዘው ግፊት ነው። ላስቲኩ የደረቀ ክዳን ያለው መኪና ዳገት ላይ ቢፈላ ራዲያተሩን አትውቀሱ፤ ክዳኑን ቀይሩ።

"እዚህ በረዶ የለ፣ አንቱፍሪዝ ምን ያደርጋል?" የሚል ሰው ይበዛል። አንቱፍሪዝ የመፍላት ነጥቡንም ከፍ ያደርጋል፤ ከሁሉ በላይ ደግሞ ዝገት ይከላከላል። የቧንቧ ውሃ ብቻ ሲጠጣ የኖረ የአሉሚኒየም ቴስታታ የውሃ ቀዳዳዎቹ ዙሪያ ይበላል። ክዳኑን ከፍታችሁ ጣታችሁን አስገቡ። ቡናማ ጭቃ ከወጣ ተጠንቀቁ። ቡና በወተት የመሰለ ነገር ከወጣ ደግሞ ዘይትና ውሃ ተገናኝተዋልና አመስግናችሁ ሂዱ።

ኤም 103 ላይ የቴስታታው ጓርኒሲዮን (ማሸጊያው) ከኋላ በኩል ዘይት ማላብ ይወዳል። ከፊት ያለው የላይኛው ሽፋንም እንደዚሁ። ማላብ በሽታ አይደለም፤ ለመደራደሪያ ይጠቅማችኋል። ኤም 110 ከቫልቮላ ክዳኑ ያልባል። ቴስታታ ወደ ማውረድ ከተደረሰ ግን ኤም 110 በጣም ከባድ ነው። ሁለት ካምሻፍት ከነቤቱ መነሣት አለበት። የሥራ ዋጋው ላይ ይታያል።

ሙከራው በየት ይሁን?

ለዚህ ወሎ የታደለ ነው። ኮምቦልቻ ሞተሩ ቀዝቃዛ ሳለ አስነሡት። ከዚያ ወደ ደሴ ያለውን 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ውጡ። ዳገቱ ላይ የሙቀት መለኪያውን አትልቀቁ። ትንሽ ከፍ ብሎ ሜዳው ላይ ከተመለሰ ደህና ነው። እየወጣ ከቀጠለ ቁሙ።

ደሴ ስትደርሱ አጥፉትና 20 ደቂቃ ያህል ቡና ጠጡ። ኢንጀክሽን ያለው ሞተር በትኩሱ ቶሎ ካልተነሣ የቤንዚኑ ግፊት ከመስመሩ እያመለጠ ነው። ስታስነሡት የዘይት ግፊት መለኪያውንም እዩ። በትኩሱ ቆሞ ሲሠራ ወደ 0.3 ባር ቢወርድ ፋብሪካው ይፈቅዳል፤ ነዳጅ ስትነኩት ግን ወዲያው 3 ላይ መውጣት አለበት።

ስትመለሱ ማርሽ አስገብታችሁ በሞተሩ ፍሬን ውረዱ። ቁልቁለቱ ሲያልቅ ነዳጅ ስጡት፤ የሚከተላችሁ ሰው ከኋላ ይይ። ሰማያዊ ጭስ ቡፍ ካለ የቫልቮላ ጎማዎቹ ደርቀዋል። ሁለቱም ሞተሮች ላይ የተለመደ ነው። ቴስታታ ሳይወርድ፣ ሲሊንደሩን በአየር ወጥሮ መቀየር ይቻላል። ጭሱ ዳገት ላይም ከቀጠለ ግን የፒስተኑ ፋሻ ነው፤ ያ ሙሉ እድሳት ማለት ነው።

የቱን ልግዛ?

በየቀኑ ለሥራ የምትነዱት ከሆነ ኤም 103 ያለው 300ኢ፣ ባለሁለት ረድፍ ካቴናውን ግዙ። አትጠራጠሩ። እንክብካቤው ያንሳል፣ ሥራው ቀላል ነው። 260ኢውም ጨዋ መኪና ነው፤ አውቶማቲክ ከሆነ ግን ዳገቱ ላይ ይደክማል።

ቫልቮላ የሚያስተካክል ታጋሽ መካኒክ ካላችሁ፣ መኪናውን ለሰርግና ለበዓል የምታወጡት ከሆነ ደግሞ 280ኢ ይሁን። ኤም 110 ጋዝ ሲሰጡት የሚያወጣው ድምፅ 103ቱ ላይ የለም፤ ይህን የምለው 103ቱን እየመረጥኩ ነው።

ሰው ኤም 104ን ያቀርብላችሁ ይሆናል፤ 24 ቫልቮላ፣ ብዙ ጉልበት። ጥሩ ሞተር ነው። እ.ኤ.አ. ከ1992 እስከ 1995 አካባቢ የተሠሩት ግን የሞተር ሽቦ ልባሱ በሙቀት የሚፈረፈር ነው። ሽቦው መቀየሩን ሳታዩ እጅ አትስጡ።

ውል ከመፈረማችሁ በፊት ሊብሬውን ይዛችሁ ብሎኩ ላይ የተመታውን ቁጥር አንብቡ። የመጀመሪያዎቹ ሦስት አሃዞች 110 ወይም 103 መሆን አለባቸው፤ የቀረውም ከሊብሬው ጋር አንድ በአንድ መግጠም አለበት። ሞተሩ ተቀይሮ ሊብሬው ካልተስተካከለ ቦሎ ስታድሱ ጣጣው የእናንተ ነው። ቁጥሩ ከገጠመ ክፈሉ። በዚያው ሳምንት ዘይት ከነፊልትሮው፣ አንቱፍሪዝ፣ የቤንዚን ፊልትሮ፣ ቺንጋ እና የራዲያተር ክዳን ቀይሩ። ሻጩ "ባለፈው ወር ቀይሬዋለሁ" ቢላችሁም ቀይሩ።