የጀልባ ጂፒኤስ፦ አንቴናው ውስጥ ይሁን ውጭ? ከብሔራዊ ቴአትር ጀርባ ካለች ሱቅ

የጀልባችሁ ጣሪያ ላሜራ ከሆነ ሳታመነቱ የውጭ አንቴና ግዙ። ፋይበር ከሆነ፣ ወይም ጣሪያ ከነጭራሹ ከሌለው፣ አንቴናው ውስጡ ያለ መሣሪያ ይበቃችኋል። ትርፍ ብር አታውጡ። ሱቅ የሚገባ ሰው አብዛኛውን ጊዜ የሚጠይቀው ስለ ስክሪኑ ስፋትና ስለ ብራንዱ ነው። መጠየቅ ያለበት ግን ከአንቴናው በላይ ምን አለ የሚለው ነው።

የቤተሰባችን ጀልባ ያለው ባሕር ዳር ነው። ወደ ዘጌ፣ አንዳንዴም እስከ ደቅ ደሴት ሰውና ዕቃ ያመላልሳል። የሚነዱት አጎቴ ናቸው። እሳቸው ጣናን እንደ ጓዳቸው ያውቁታል። የሚተኳቸው ልጅ ግን ገና ነው። ሐይቁ ከጫፍ ጫፍ 84 ኪሎ ሜትር ገደማ ይረዝማል፤ ጉም ከወረደ ዳርቻው ድራሹ ይጠፋል። ጥልቀቱ ደግሞ ትልቁ 14 ሜትር አካባቢ ስለሆነ ዳር ዳሩን ድንጋይ መምታት ቀላል ነው። አጎቴ «ለልጁ መንገድ የሚያሳይ ነገር ፈልጊለት» አሉኝ። አዲስ አበባ የምኖረው እኔ ስለሆንኩ ግዢው የኔ ሆነ።

ሱቋ ከብሔራዊ ቴአትር ጀርባ፣ አንድ አሮጌ ፎቅ ላይ ናት። የቅየሳ ዕቃ፣ ባትሪና የመገናኛ ሬዲዮ ይሸጡባታል። ጠባብ ናት፤ ሦስት ሰው ከገባ አራተኛው በረንዳ ላይ ይጠብቃል። ግን የሚሸጠው ልጅ ዕቃውን ያውቃል። «እህቴ፣ ጀልባው ከምንድነው የተሠራው?» ብሎ ጀመረ። ሌላ ቦታ ይህን የጠየቀኝ የለም። ከዚያ በፊት የገባሁበት አንድ ሱቅ ዕቃውን ከካርቶኑ ሳያወጣ ሊሸጥልኝ ነበር።

ሱቁ ውስጥ ጂፒኤስ አይሠራም፤ ከላይ ስንት ፎቅ ኮንክሪት አለ። ስለዚህ ሁለቱንም መሣሪያ፣ አንቴናው ውስጡ ያለውንና የውጭ አንቴና የሚሰካበትን፣ ይዘን በረንዳ ላይ ወጣን። ሰፈሩ ለሙከራ ጥሩ አይደለም። ባለ 209 ሜትሩ የንግድ ባንክ ፎቅ ከነጎረቤቶቹ የሰማዩን ግማሽ ይዞታል። ከመስታወቱ እየነጠረ የሚመጣው ሲግናል መሣሪያውን ያደናግረዋል። እኛ ቆመን ስክሪኑ ላይ ያለችው ነጥብ አስፋልት ተሻግራ ትመለስ ነበር። ሐይቅ ላይ እንዲህ ያለ ግድግዳ የለም፤ ስለዚህ በዚህ ዕቃውን አትፍረዱበት።

ቁም ነገሩ የመጣው ልጁ ከመደርደሪያ አንድ የብረት ክዳን አውጥቶ አንቴናው ውስጡ ባለው መሣሪያ ላይ ሲይዘው ነው። ስክሪኑ ላይ የሳተላይቶቹን ሲግናል የሚያሳዩት ዘንጎች አንድ በአንድ እያጠሩ ሄዱ። መጨረሻ ላይ የቀሩት ሁለት ነበሩ። ቦታን ከነከፍታው ለማወቅ ቢያንስ አራት ሳተላይት ያስፈልጋል። ብዙም ሳይቆይ «ሲግናል የለም» አለ። ከዚያ የሌላኛውን መሣሪያ የውጭ አንቴና፣ ክብሪት ቀፎ የምታክለዋን፣ እዚያው ክዳን ላይ አስቀመጣት። መሣሪያው ራሱ ከክዳኑ ሥር ነው። ዘንጎቹ ሞልተው ቆሙ። የሚገርመው፣ ከላይ ሲሆን የሚጋርደው ብረት ከሥር ሲሆን ይጠቅማል። እንዲህ ያሉ ጠፍጣፋ አንቴናዎች ከሥራቸው የብረት ወለል ሲያገኙ የተሻለ ይቀበላሉ።

ሳተላይቶቹ ያሉት 20,200 ኪሎ ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ነው። እኛ ዘንድ የሚደርሰው ሲግናል እጅግ ደካማ ነው፤ ላሜራን አልፎ አይገባም። ፋይበርና ደረቅ እንጨት ያሳልፉታል። ውሃ ያዘለ ነገር ግን ይውጠዋል። የኛ ጀልባ ጣሪያው ላይ ጌሾ ይጫናል፤ እርጥብ ጌሾ አንቴናው ላይ ከተደረደረ ከላሜራ ብዙም አይሻልም። ስለዚህ አንቴናውን ጭነት የማይደርስበት የጣሪያ ጠርዝ ላይ አስሩት፤ ከሬዲዮው አንቴናም ራቅ ይበል። ረጅም ዘንግ ላይ መስቀል ግን አያስፈልግም። ጀልባው ሲወዛወዝ ዘንጉ ጫፍ ላይ ያለው አንቴና አብሮ ስለሚወዛወዝ ፍጥነትና አቅጣጫው ይዘባረቃል።

አሁን ስለ ገመዱ። እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይቸገራል። የውጭ አንቴና ሁለት ዓይነት ነው። አንደኛው ማጉያ ብቻ ያለው ነው። የሳተላይቱን ሲግናል በ1575.42 ሜጋኸርዝ እንዳለ ወደ መሣሪያው ይልካል፤ ማጉያው የሚሠራበትን ኤሌክትሪክም የሚያገኘው በዚያው ገመድ ነው። ቀጭኑ ገመድ በአንድ ሜትር ከ1 ዴሲቤል በላይ ያባክናል። 3 ዴሲቤል ጠፋ ማለት ደግሞ ግማሹ ኃይል ሄደ ማለት ነው። ስለዚህ ገመዱን ቆርጦ፣ ጠምዝዞ፣ በናስትሮ ጠቅልሎ ማስረዘም የለም። አንቴናውን ትገድሉታላችሁ። ሁለተኛው ዓይነት መቀበያው ራሱ አንቴናው ውስጥ ያለ ነው። ቦታውን እዚያው አስልቶ በዳታ ገመድ ይልካል፤ ርቀቱ ብዙም አያስጨንቀውም። ትልልቅ ጀልባ ያላችሁ ይህኛውን ፈልጉ። ኤንኤምኢኤ 0183 በሚባለው የጀልባ መሣሪያዎች ዳታ መለዋወጫ መንገድ የምታገናኙት ከሆነ ሁለቱም ጫፍ አንድ ፍጥነት ላይ መሆኑን አረጋግጡ፤ የተለመደው በሰከንድ 4800 ቢት ነው።

ሱቋን የምወቅስበት ይህን ሁለተኛውን ዓይነት ስለማትይዝ ነው። ያላት የመኪና አንቴና ነው፤ ከሥሩ ማግኔት ያለው፣ 5 ሜትር ገመድ ያለው። ለኛ በቃን። ነገር ግን ማግኔት ብቻውን ማዕበል አይችልም፤ በቡሎን የሚታሰር መያዣ አሠርተንለታል። መሰኪያው ውኃ እንዳያገኘውም በጎማ መሸፈን አለበት። ይህን ሁሉ ልጁ ነግሮኛል፤ ዕቃውን ግን ራሳችሁ ሌላ ቦታ ትፈልጋላችሁ።

ሌላው፣ ከመግዛታችሁ በፊት መሣሪያው የውጭ አንቴና መሰኪያ እንዳለው ዙሩና እዩ። ሁሉም የላቸውም። የጋርሚን ስትራይከር 4 ለምሳሌ ጥልቀት ያሳያል፣ ዋጋውም ከሌሎቹ ቀለል ይላል፣ ግን አንቴናው ውስጡ ነው፤ መሰኪያ የለውም። ጣሪያ ለሌላት ትንሽ ጀልባ እሱን እመርጣለሁ። ካርቶኑ ላይ «ዋስ» (WAAS) የሚል ስላያችሁ ደግሞ ዋጋ አትጨምሩ። የጂፒኤስን ስህተት የሚያርም የሰሜን አሜሪካ ሥርዓት ነው፤ ጣና አይደርስም።

የትኛውም አንቴና የማይፈታው ነገርም አለ። አገራችን ለምድር መግነጢሳዊ ወገብ ቅርብ ናት። ፀሐይ ከጠለቀች በኋላ ላይኛው የአየር ክፍል አንዳንዴ ይናወጥና ሲግናሉን ያንቀጠቅጠዋል። በተለይ በመስከረምና በመጋቢት አካባቢ ይበረታል። በምሽት ነጥቧ ከዘለለች አንቴናውን አትንቀሉ። ፍጥነት ቀንሱ፣ በኮምፓስ ሂዱ።

ዋጋ አልጽፍም። ሐምሌ 2016 ብሩ በገበያ ይወሰን ከተባለ ወዲህ የዛሬው ዋጋ ነገ አይገኝም። አንቴናዋ ብቻዋን ግን ከመሣሪያው አንጻር ርካሽ ናት፤ ውድ የሚሆነው መሰኪያ ያለው መሣሪያ መምረጡ ነው። ስትሄዱ ከመሪው እስከ ጣሪያው ጠርዝ ያለውን ርቀት በሜትር ለክታችሁ ሂዱ፤ ገመዱ የሚዞርበትንም ጨምሩ። ደረሰኝ ይሰጣሉ፣ በረንዳ ላይ ሞክሩ ብትሏቸውም ፊታቸውን አያጠቁሩም። በምሳ ሰዓት ይዘጋሉ።