አዘዞ ላለችው እህታችን፣ እግዜር ይስጥልን

ስሟን አልጠራም። እሷ ለራሷ ግድ የላትም፣ ስንቴ በአደባባይ ተናግራለች። ልጇ ግን ተማሪ ናት። ጎንደር አዘዞ፣ ኤች አይ ቪ በደማችን ያለ እናቶች የምንደጋገፍበት የእናቶች ድጋፍ ቡድን ውስጥ ያላችሁ ማንን እንደምል ታውቃላችሁ። እኛ «እታለም» ነው የምንላት።

ከእሷ በፊት ያየሁትን አንዴ ልተንፍሰው። ለእርግዝና ክትትል በሄድኩበት ቦታ ቫይረሱ በደሜ እንዳለ የተነገረኝ በሩ ወለል ብሎ ተከፍቶ ነው። ውጭ ወረፋ የሚጠብቀው ሁሉ አንገቱን ያሰግጋል። ሴትዮዋ ቀና ብላ እንኳ አላየችኝም፣ «ቀጣይ!» አለች። ከዚያ ወዲህ መድኃኒት ልወስድ በሄድኩ ቁጥር ስሜን ከኮሪደሩ ጫፍ ይጮሁታል። አከራዬ ደግሞ ብልቃጡን አይታ ኖሮ የውሃ ባልዲዬን ለየችው። ወሩ ሳያልቅ «ልጄ ሊያገባ ነው፣ ቤቱን እፈልገዋለሁ» ተባልኩ። ልጇ እስከ ዛሬ አላገባም!

አንዲት ደግ ነርስ ናት ወደ እታለም የላከችኝ። ምክር ልትደረድርልኝ ነው ብዬ ነበር። እሷ ቦርሳዋን ከፍታ የራሷን ብልቃጥ አወጣችና ነቀነቀችው። ድምፅ የለውም፤ ጥጥ ጠቅጥቃበታለች። «ባጃጅ ውስጥ እንዳይንኳኳብሽ እንዲህ አድርጊው» አለችኝ። ሳቄ መጣ። መድኃኒቱ በ1997 በነፃ መታደል ሲጀምር ከጀመሩት አንዷ ናት፤ ይኸው እስከ ዛሬ እንደ ሎሚ ፍሬ ናት።

ግን ይህን ሁሉ የምጽፈው ለአንድ ቀን ብዬ ነው። ባለቤቴ ያውቃል። እሱንም አግባብታ ያስመረመረችው እሷ ናት፣ ነፃ ነው። አማቴ ግን አያውቁም። ስወልድ ከደምቢያ ለጋ ቅቤ ይዘው መጡ። ሕፃን ቅቤ መዋጥ አለበት፣ ልጆቻቸውን ሁሉ እንዲያ ነው ያሳደጉት። እኔ ደግሞ ስድስት ወር ከጡት በቀር ውሃ እንኳ እንዳይቀምስ ተነግሮኛል። ጡት ከሌላ ነገር ጋር ሲደባለቅ ቫይረሱ ወደ ልጁ የመተላለፍ ዕድሉ ይጨምራል አሉ፤ እንዴት እንደሆነ እኔ አልገባኝም። እንቢ ብል «ለምን?» ሊመጣ ነው። እያለቀስኩ ደወልኩላት።

አራስ ጠያቂ መስላ ከች አለች። የገንፎ ዱቄት ይዛ፣ ነጠላዋን አጣፍታ። አማቴ ጣታቸውን ቅቤው ውስጥ ነክረው ነበር።

«እመይቴ፣ እንዲህ ያለ የደምቢያ ቅቤማ ለአራሷ ነው እንጂ! የጨቅላ አንጀት ምኑን ይችለዋል? አሁን ለሁሉም ሕፃን ስድስት ወር ጡት ብቻ ነው የሚባለው። ወተቱ የሚወርደው ደግሞ እናትየው ስትበላ ነው» ብላ ቅቤውን ተቀብላ ገንፎው መሃል ገለበጠችው። አማቴ ደስ ብሏቸው እኔን ማጉረስ ጀመሩ። ስለ እኔ አንዲት ቃል አልወጣችም። ይህን የትኛው ሥልጠና ያስተምራል?

ልጄ ቫይረሱ እንዳይተላለፍበት የሚሰጠውን ሽሮፕ ወሰደ። በስድስት ሳምንቱ ከተረከዙ ደም ወሰዱለት፣ በአሥራ ስምንት ወሩ የመጨረሻው ምርመራ ተደረገለት። ነፃ ነው፣ ተመስገን! አሁን ቤቱን ያምሰዋል።

ቡድኑ ውስጥ ቡና ይፈላል፣ ይለቀሳል፣ ይሳቃል። አንዷ «ፀበል ልግባና መድኃኒቱን ላቁም» ስትል እታለም አትቆጣም። «አቡነ ጳውሎስ እንኳ ሁለቱንም አብራችሁ ውሰዱ ብለው የለ? በፀበሉ ዋጪው» ትላታለች። እንዲህ ያለ ሰው ከየት ይገኛል?

ውጤታችሁን ሰምታችሁ ቤት የተደበቃችሁ የጎንደር ልጆች፣ በናታችሁ ሂዱ። ገንዘብ አይጠየቅም። ክትትል የምታደርጉበት ጤና ጣቢያ «የእናቶች ድጋፍ ቡድን» ብላችሁ ጠይቁ፤ አዘዞ የሚቀርባችሁ ደግሞ እታለምን። ብቻዬን መግባት ይከብደኛል የምትል ካለች እዚህ ሥር አትጻፍ፣ በውስጥ ታናግረኝ። ከፒያሳ ታክሲ ይዘን አብረን እንሄዳለን።